የሚንዳፉ ብረት

እናቴ ጌጤነሽ ለፋሲካ ስታጸዳ ከፊቷ አትቁሙ! በእኛ በቤተ እስራኤሎች ፋሲካ እርሾ የነካው ሁሉ ሐሜጽ ነው፣ ከቤት ይወጣል። ጎንደር እያለን የከረመውን ሸክላ ሁሉ ሰብራ አዲስ ትሠራ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ግን ድስቱ ብረት ነው፣ አይሰበርም። ስለዚህ ትፈትገዋለች።

መሀል ከተማ ካለው ቤት አቮት፣ ከሽማግሎች መኖሪያው ወጥ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ዶራ ሰፈር ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ከርማ ነበር። ሥራ ስታገኝ ነፍሷ ተመለሰች። ይህ ሥራ ቢቀርባት ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

እኔ በሱዳን በኩል ቀድሜ የመጣሁ ነኝ፤ ይታየው እባላለሁ፣ ሚንዳፍ እጠግናለሁ። ሚንዳፍ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የሚስበው ነው። የትልቅ ወጥ ቤት ከሆነ እሳትም ያጠፋል። በውስጡ የተወጠረ ሽቦ አለ፣ ሽቦውን የያዘች ትንሽ ብረት አለች። እሳት ሲነሳ ብረቷ ትቀልጣለች፣ ሽቦው ይላላል፣ ቀዩ ሲሊንደር የእሳት ማጥፊያ ፈሳሹን ይለቃል፣ ጋዙም ይዘጋል።

"እማዬ፣ ወንፊቱን እጠቢ፣ ቆርቆሮውን ወልውዪ፤ ያቺን ብረት ግን እንዳትነኪ!" ብዬ ስንት ጊዜ ለፈለፍሁ!

የፋሲካ ዋዜማ ጧት ተጠርቼ ስደርስ፣ ወይ ጉድ! ምድጃው፣ ወለሉ፣ የታጠበው ድስት ሁሉ በሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ተጨማልቋል። ጋዙ ተዘግቷል። እናቴ ሻሿ ርሶ መሰላሉ ሥር ቆማለች። ብረቷን በእጇ ጨብጣታለች።

"ምን አደረግሽ?"

"ዱቄት ከቅባት ጋር ተጋግሮባት አየሁ። ሐሜጽ ነው ልጄ። ፈልቅቄ ላጥባት ብዬ..."

"አይ እማዬ! ምነው ብትሰሚኝ!" ጮህሁባት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ጨርቅ አንስታ ወለሉን ማበስ ጀመረች። አንጀቴን በላችው። አብረን ጠረግን፣ አብረን አጠብን። መኪናዬ ውስጥ ሌላ ሲሊንደር ነበረኝ፤ ተከልሁት፣ ሽቦውን በአዲስ ብረት ወጠርሁ፣ ጋዙን ከፈትሁ። የማታው እራት ድስት ተጣደ።

ይኼኔ ወሬው የደረሳት የቤቱ ኃላፊ ሐጊት እንደ ነብር ተቆጥታ ገባች።

"ይህን ባላጋን፣ ይህን ትርምስ ያመጣው ማን ነው? ማንም ይሁን ማን፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይሠራም!"

"እኔ ነኝ" አልሁ በዕብራይስጥ። "ስፈትሽ አመለጠኝ።" እኔ ሌላ ወጥ ቤት አላጣም፤ እናቴ ግን ታጣለች። የእናቴ ዕብራይስጥ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም ብዬ ተማምኜ ነበር።

እናቴ እጅጌዬን ጎተተች። "ምን አልካት?"

"ዝም በይ፣ አልቋል።"

"ምን አልካት፣ አንተ?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኋት።"

ጨርቁን አስቀመጠች። ደረቷን በጣቷ እየመታች ወደ ሐጊት ዞረች። "ሎ ሁ" አለች። "አኒ።" እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረች፦ "እኔ ከዚህ ቤት ቅንጣት ሐሜጽ ላወጣ ይህን ሁሉ መከራ አየሁ። አንተ በፋሲካ ዋዜማ ውሸት ታስገባልኛለህ?"

"ምን አለች?" አለች ሐጊት።

ፊቴ እየነደደ ቃል በቃል ነገርኋት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም በእናቴ ኮርቼ አላውቅም። ሐጊት ሚንዳፉን አየች፣ እናቴን አየች።

"እሷ ትቆያለች" አለች። "አንተ ግን ከእንግዲህ ለጥገና ስትመጣ፣ እሷ ከአጠገብህ ሆና ትጠብቅህ።"

ይኸው እስከ ዛሬ መሰላል ስወጣ እናቴ ሥሩ ናት።

"ቀስ በል አንተ! ያቺን ብረት እንዳትነካ!"

"እማዬ፣ ሥራዬ እኮ እሷን መንካት ነው።"

"ይሁን፣ ንካት። ካበላሸህ ግን እውነቱን ትናገራለህ።"