ላስታጥብዎ

እስከዳር ሽማግሌ ካየች መቀመጥ አይሆንላትም፤ ደብረ ማርቆስ ያሳደጓት እንዲያ ነው። ታዲያ ለነርሲንግ ልምምድ ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል ስትመጣ ሃጂ አብዱልሃኪም እጇ ላይ ወደቁ። ሃጂ ደሎ መና ቆላ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው፣ ማር ቆርጠው የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር እግራቸውን አቁስሎ አስተኝቷቸዋል።

ምን ያላደረገችላቸው አለ! ታጎርሳቸዋለች፣ ጆግ ይዛ ታስታጥባቸዋለች፣ ኢንሱሊናቸውን ጠዋት ማታ ትወጋለች። የሃጂ ሥራ ክንድ መዘርጋትና «ገለቶሚ፣ ልጄ» እያሉ ማመስገን ብቻ ሆነ።

መምህርቷ ሲስተር ወለተኢየሱስ ሳምንት ሙሉ ካየቻት በኋላ ወደ ጎን ጠራቻት።

«ሃጂ ሐሙስ ይወጣሉ። ቤታቸው ማን አለ?»

«ማንም የለ፣ ሲስተር። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው።»

«እና ማን ሊወጋቸው ነው? አንቺ በየቀኑ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ደሎ መና ልትወርጂ? ስለ ራስ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ ፈተና ላይ ሁለት ገጽ ሞልተሽልኛል። ምን ነበር የሚለው?»

«ሕመምተኛው ያቃተውን አድርጊለት፣ የማያውቀውን አስተምሪው፣ የሚችለውን ተዪለት...» አለችና መልሱ ለራሷ ገባት። መርፌው ከተቋረጠ እግራቸው እንደሚቆረጥ፣ የባሰም እንደሚመጣ ታውቃለች። ጉድ! በአክብሮት ልትገድላቸው ነበር።

በማግስቱ መርፌውን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ሃጂ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን አጠፋሁ? ሰለቸሁሽ?»

«ኧረ በፈጣሪ፣ ሃጂ! እንዴት ይሰለቹኛል?» እንባዋ መጣ። «ደሎ መና ድረስ ልከተልዎ አልችልም እኮ። እዚያ ከእርስዎ እጅ ሌላ እጅ የለም።»

ሽማግሌው መርፌውን አገላብጠው አዩት። በመጨረሻ «ዕድሜ ልኬን ንብ ሲነድፈኝ ኖሬ ይቺን ልፍራ?» አሉና ሸሚዛቸውን ገለጡ።

የመጀመሪያው ቀን መርፌው አልያዝ ብሏቸው መድኃኒቱ ፈሰሰ። በሁለተኛው ሲስቡ የመድኃኒቱን ልክ አሳለፉት፤ አስቆመቻቸው። እስከዳር እጆቿን ኋላዋ አጣምራ ነበር የምታያቸው፤ ለእሷ ከዚህ የከበደ ሥራ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ግን ሃጂ ማንም ሳይነካቸው ልኩን ስበው ራሳቸውን ወጉ። «አልሃምዱሊላህ!» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

ከሁለት ወር በኋላ ለክትትል መጡ። ቁስሉ ጠግጓል፤ በእግራቸው እየተራመዱ፣ ለሲስተርም ለእሷም ማር ይዘው። እስከዳር ደስታዋን መያዝ አቅቷት ደጅ ካለው ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘቻቸው። እንደ ልማዷ ጆጉን አንስታ «ላስታ...» ካለች በኋላ ትዝ አላትና አስቀመጠችው።

«ይታጠቡ፣ ሃጂ።»

ሃጂ ጆጉን አንስተው መልሰው እጇ ላይ አኖሩት።

«አስታጥቢኝ።»

«ይችላሉ እኮ!»

«እችላለሁ። ያኔ ስላቃተኝ ነበር የምታስታጥቢኝ፤ ዛሬ ግን ልጄ ስለሆንሽ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉላት። እስከዳር እያለቀሰች ውሃውን አፈሰሰችላቸው።