የጥጉ በርሜሎች ምልክት

ሮሜን የወይን ጠርሙስ መለያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አማቷን ስትጠብቅ የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀለሙ ደመቀ እንዳይሏት። ሰው የሚፈራውን ሲመርጥ እንዲህ ነው የሚሳሳተው።

አባባ ኢኛስ ዕድሜ ልካቸውን ወይናቸውን በበርሜል ሲሸጡ ኖረው፣ በራሳቸው ስም በጠርሙስ ይውጣ ያሉት ዘንድሮ ነው። ስድስት ዓይነት ወይን፣ ስድስት መለያ። የምትስለውም የምታትመውም ምራታቸው ሮሜን ናት፤ ማተሚያ ቤቷ ከእሷና ከባሏ መኖሪያ ሥር ነው። "ተራራ ምናምን እንዳትስዪብኝ" አሏት። "ተራራ ያማረው ቀና ብሎ ይይ። የበርሜሎቹን ምልክት አድርጊበት።" ብለው የምድር ቤቱን ቁልፍ ሰጧት።

ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው የምድር ቤቱን ደረጃ አይወርዱም፤ ብቻዋን ወረደች። ወረቀት በርሜሉ ፊት ላይ እየዘረጋች በከሰል አሸችና እንጨቱ ላይ የተቀረጸውን ገለበጠች። የቤቱ ምልክት ሁለት እግር ያለው መስቀል ሲሆን፣ በየበርሜሉ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከፊት የቆሙት ትልልቆቹ አራት ናቸው። ሁለት ሲጎድላት ጥግ ላይ ማቅ ለብሰው ካገኘቻቸው ትናንሽ በርሜሎች ወሰደች። የአንዱ መስቀል ግራ እግሩ ላይ ጭረት አለው። የሌላው ቀረጻ አዲስ ነው፤ ከመስቀሉ ጎን ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። መስኮት መሰለቻት። ከሁሉም አብልጣ ስለወደደቻት ለምርጡ ወይን፣ ለፔቲት አርቪን አደረገቻት።

ማንንም አልጠየቀችም። ይህ ቤት ዝምታ የሚያበዛ ቤት ነው። እሷ የሐይቅ ዳር ከተማ ልጅ ናት፤ ካገባች ዓመታት ቢቆጠሩም አማቷ አንድም ቀን "የኛ" ብለዋት አያውቁም። ወይን ሲቀዱ እንኳ ለእሷ የእንግዳውን ብርጭቆ ነው የሚያወርዱት።

አባባ ኢኛስ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። አምስቱን መለያዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ስድስተኛው ገና ማሽኑ ላይ ነበር። ባለ ጭረቱ ላይ ሲደርሱ ደማቸው ከፊታቸው ሸሸ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከጥጉ በርሜል። ምነው አባባ?"

"ማቁን ገልጠሽ?"

"አዎ፣ ምን..."

"የማርሰለን ነው" አሉ።

ማርሰለን ልጃቸው ነው፤ የእሷ ባል።

"የማርሰለን ነው ሲሉ?"

"የተወለደ ዓመት ነው የሞላሁት። የሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙ ሰዎች ከመቃብር ሲመለሱ የሚጠጡት ወይን ነው። እያንዳንዳችን አለን። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ምልክቱ የቀን ብርሃን አያይም። አባቴ የወንድሙን በርሜል ላጥበው ብሎ ደጅ አወጣው። መከሩ ሳይገባ ወንድሙን ቀበርነው።" ከዘራቸው ወለሉን መታ። "ስንት ጠርሙስ ላይ ለጥፈሻል?"

"አንድ።"

"የታለ?"

ሮሜን በመስኮቱ ወደ ተራራው አየች። ትናንት ገና ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ጠርሙስ ላይ ለጥፋ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ጠዋት ባሏ ሲወጣ ድንገት አይቶ ደስ ይበለው ብላ ቦርሳው ውስጥ ከጥቁሩ ዳቦና ከአይቡ ጋር ከትታለታለች።

"እሱ ጋ ነው" አለች።

ማርሰለን የበረዶ ናዳ ሠራተኛ ነው። በረዶ ሲከመር ከጓደኞቹ ጋር ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ድማሚት ይወረውራል፤ ናዳው በስኪ ተንሸራታቾች ላይ ሳይሆን ሰው በሌለበት ሰዓት እንዲወርድ። ሰሞኑን ደግሞ ሰማዩ ያለ እረፍት ሲያወርደው ነው የሰነበተው።

ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ሸንተረሩ ላይ ስልክ እንደማይሠራ ታውቃለች፤ ሁልጊዜም አይሠራም፤ ዛሬ ግን ያ ማወቅ አልጠቀማትም። እንዲህ ያለውን ወሬ የገበሬ ተረት እያለች የምትስቅ ሴት፣ "ማርያም፣ ማርያም" እያለች መለያዎቹን ሰብስባ ወደ ምድጃው ሮጠች።

"እንዳታቃጥዪ!" ብለው ጮኹ። "ልጄን እሳት ውስጥ ልትከቺው?"

"እሺ ልቅደዳቸው?"

"መቅደድ ይባስ!"

"ታዲያ ምን ላድርጋቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! እስከ ዛሬ እንዲህ ያደረገ ሰው የለም።"

መለያዎቹን ጠረጴዛው ላይ በግንባራቸው ደፋቻቸው። ሌላ የምታደርገው አልነበረም።

ያኔ ከላይ ድማሚቱ ጮኸ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጉርምርምታው መጣ፤ ሌላ ጊዜ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አላለቀም። አማቷ ጣታቸውን አንስተው ያዳምጣሉ። ድምፁ ሲቆም የመጣው ጸጥታ ከድምፁ የባሰ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሄሊኮፕተር ጣሪያውን አልፎ ወደ ሸንተረሩ ወጣ።

ሄሊኮፕተር ለደህና ሰው አይወጣም። ሮሜን ወረቀት ክምር ላይ ተቀመጠች። ፈራች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይህን ተረት ያወጣ ሰው ባል ተራራ ላይ ሰድዶ አያውቅም መሰለኝ። ያጠበችው ሸሚዙ ገና ገመድ ላይ ነው። እሱን ማን ያወርደዋል እያለች አሰበች፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም። አባባ ኢኛስ አጠገቧ ቆመው ትከሻዋን ያዙ። ከዚያ በፊት ነክተዋት አያውቁም።

እንደዚያው ሆነው ቀኑ ዘቀዘቀ። ደጅ ላይ ጫማ ሁለቴ ደፍ ሲመታ ተሰማ። በረዶውን እንዲያ የሚያራግፈው ማርሰለን ብቻ ነው።

በሩን ከፍቶ ሁለቱን አያቸው። "ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?"

ሮሜን ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀጥላ ደረቱን በቡጢ መታችው። "ሄሊኮፕተሩስ?"

"አንድ ቱሪስት እግሩን ሰብሮ ነው። ቀስ፣ እንዳትገድዪኝ!" ቦርሳውን ከፍቶ ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመ፤ ጭረቱ ከፊት ነው። "የቁም ተዝካሬን በላን። ጓደኛዬ ካስፓር ንግግር አደረገልኝ፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።"

ማንም አልሳቀም። እሱም ሳቁን ተወው።

"ጠዋት ጓንቴን ሳወጣ ነው ያየሁት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጅ ሆኜ ማቁን ገልጬ ስላየሁት አውቀዋለሁ፤ በጥፊ ብለውኛል፣ አባባ ያስታውሳሉ። ዛሬ ጭረቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሁልጊዜ የምቆምበት ድንጋይ ላይ መቆም አቃተኝና ወደ ኋላ ሸሽቼ ወረወርኩ።" ጠርሙሱን በጣቱ አዞረው። "ድንጋዩ አሁን የለም። ናዳው ይዞት ወረደ።"

አባባ ኢኛስ አማተቡ።

ሮሜን የተደፉትን መለያዎች አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ማሽኑ ሄደ። ቀስ ብላ ሄዳ ስድስተኛውን ወረቀት አነሳች። "አባባ፣ እያንዳንዳችን አለን አላሉም? ይሄ ባለ መስኮቱስ የማን ነው?"

ሽማግሌው ወለሉን አዩ። ማርሰለንም ወለሉን አየ።

"እሱንም ገልብጠሽዋል?" አሉ አባባ ኢኛስ።

"የማን ነው?"

"መስኮት አይደለም" አሉ ቅር ብሏቸው። "የማተሚያ የእርሳስ ፊደል ነው፤ እዚህ የምትደረድሪው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በደንብ አልቀረጽኩትም።"

ሮሜን አራት ማዕዘኗን በጣቷ ዳሰሰች።

"ወደዚህ ቤት የገባሽ ዓመት ነው የሞላሁት። ምነው፣ ከሱቅ በተገዛ ወይን የምንቀብርሽ መስሎሽ ነበር?"

ወረቀቱን እንደ ሌሎቹ በግንባሩ ደፋችው። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ ገለበጠችው።