የሰባት ቁጥር ተሳፋሪዎች ጨዋታ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ «ኢንተርኔቷ» ነበር የሚሏት። መካኒኮቹም፣ ቲኬት ቆራጮቹም፣ የበሩ ጥበቃም ሳይቀር። የድርጅቱን ድረ ገጽ የምትሠራው እሷ ብቻ ስለነበረች ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ቢሮዋ ከጋራዡ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የናፍጣው ሽታ ደረጃውን ተከትሎ ይወጣል። እዚያ ቁጭ ብላ የአውቶቡሶቹን መነሻ ሰዓት ትለጥፋለች፣ አዲስ መስመር ሲከፈት ማስታወቂያ ታወጣለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥራ አስኪያጁን የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ከነፎቷቸው ታስቀምጣለች።

ይህን ሁሉ ማን እንደሚያነበው አታውቅም። አንድ ጊዜ ልሞክራቸው ብላ የስድስት ቁጥር አውቶቡስን መድረሻ «ጨረቃ» ብላ ጻፈች። ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ተቀመጠ። ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። መጨረሻ ላይ ራሷው አፍራ አስተካከለችው።

ነገሩ ግን ከነከናት። ሌሎች ገጾች ላይ ሰው እየገባ የልቡን ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይሳሳቃል። የእሷ ገጽ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ዝም ብሎ ይታያል። እናም ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዳ በየመስመሩ የሰዓት ሰሌዳ ሥር ተሳፋሪ የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ከፈተች። ሥራ አስኪያጁ እሺ ያሉት ምስጋና ይጎርፋል ብለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት በሰባት ቁጥር ሥር አንድ ጽሑፍ ተቀምጧል። የጻፈችው ሴት ራሷን «እንቅልፍ ያጣሁ» ብላለች።

«የጠዋቱ ሹፌር ከመነሻው እስከ መድረሻው ይዘፍናሉ። ድምፃቸው የዛገ በር ነው። እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ትንሽ የማሸልበው አውቶቡሱ ላይ ነው። እባካችሁ አንድ ነገር በሏቸው።»

የሰባት ቁጥር የጠዋት ሹፌር አባቷ ነው።

ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ካሴት» ይሉታል። እናቷ እንኳ «ቤት ውስጥስ ደህና ነው፤ መሪ ሲጨብጥ ነው የሚብስበት» እያለች ታማዋለች። ኢንተርኔቷ ጽሑፉን ደግማ አነበበች፤ ፊቷ ጋለ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ አላለችም፤ አጠፋችው።

ምሳ በልታ ስትመለስ ሴትዮዋም ተመልሳለች።

«ጠዋት የጻፍኩት የት ገባ? ወይስ ድርጅቱም አብሮ ይዘፍናል?»

ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ተከትለው ገብተዋል። «የመስኮት ወንበር» የሚባል ሰው፣ «እኔ ዘፈናቸውን እወደዋለሁ፤ ያለዚያ ሥራ ቦታ ተኝቼ ነው የምደርሰው» ብሏል። አንዲት የልጆች እናት፣ «ልጆቼ ዘፈኖቹን በቃላቸው ይዘዋል፤ ችግሩ ሰውዬው ግጥሙን ይሳሳታሉ» ብላለች። ሌላው፣ «ዘፈኑን ተዉትና ሰባት ቁጥር የት ደርሷል? ፌርማታ ላይ ደርቄ ቀረሁ» ሲል፣ አንዱ ወዲያው መለሰለት፤ «ድልድዩ ጋ ነን። እኔ ውስጡ ነኝ። እየዘፈኑ ነው።»

ኢንተርኔቷ ሳታውቀው ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። መንገድ ሲዘጋ ከድርጅቱ ቀድመው እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የጠፋ ዣንጥላ እዚያው ተፈልጎ እዚያው ተገኘ። የኋላ ወንበር ይቆረቁራል ተብሎ ፎቶ ተነሥቶ ተለጠፈ፤ መካኒኮቹ ቢሮዋ ድረስ መጥተው ፎቶውን አይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄደው ጠገኑት። እሷ የምትጽፈው ቀንሶ የምታነበው በዛ። ግን በየመሀሉ አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ «ለመሆኑ ያንን ጽሑፍ ያጠፋው ማነው?» ያን ስታይ ገጹን ቶሎ ወደ ታች ትገፋዋለች።

ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት።

«ምስጋና ይመጣል ብለሽኝ አልነበር እንዴ?» አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ምስጋናም አለው እኮ።»

«የቱ ጋ? ይኸው አንዱ ‹ሥራ አስኪያጁ አውቶቡስ ተሳፍረው ያውቃሉ ወይ?› ይላል።»

«ተሳፍረው ያውቃሉ?» አለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዓርብ ይዘጋ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ወጥ ቤት ድንች ይልጣል። እየዘፈነ አልነበረም።

«ኮምፒውተሩ ላይ ስሜ ተነሥቷል አሉኝ» አላት ቀና ሳይል። «አንብቢልኝ እስቲ።»

«ተወው አባዬ፣ የሰው ወሬ ነው።»

«አንብቢ አልኩሽ።»

ስልኳን አውጥታ አነበበችለት። መጀመሪያ የጠፋውንም በቃሏ ነገረችው። የዛገ በር የሚለው ላይ ስትደርስ ቢላው ቆም አለ።

«ይሄንን ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አባቴ ስለሆንክ ነዋ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

አባቷ ድንቹን አስቀምጦ እጁን አደረቀ። «ሌሊቱን ቆማ ያደረች ልጅ ደከመኝ ብትል አፏን ትዘጊያታለሽ? እኔ መቼ ጠብቂኝ አልኩሽ? ድምፄን እንደሆነ እናትሽም ነግራኛለች።» ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «በይ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

እሱ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች።

«የሰባት ቁጥር ሹፌር ነኝ። ልጄ፣ ሌሊት ሠርተሽ እንደምትመጪ አላወቅሁም፤ ይቅርታ። የት እንደምትወርጂ ንገሪኝና ከኋላዬ ካለው ወንበር ተቀመጪ። እስክትወርጂ አልዘፍንም፤ ስትደርሺም እቀሰቅስሻለሁ። በሩ ግን ትንሽ በዛብኝ።»

ኢንተርኔቷ ያንን ከላከች በኋላ ትንሽ አመነታች። ከዚያ የራሷን ጨመረች፤ «ያንን ጽሑፍ ያጠፋሁት እኔ የገጹ ሠራተኛ ነኝ። ሹፌሩ አባቴ ነው። ማጥፋት አልነበረብኝም፤ ሁለተኛ አይለመደኝም።» ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ወዲያው ግን መልሳ አነሣችው።

የተቆጣት ሰው ብዙ አልነበረም። እንቅልፍ ያጣችው መለሰች። የሆስፒታል ነርስ ናት። «አባቴ፣ በር ያሰኘኝ ድካሙ ነው። የምወርደው ገበያው ጋ ነው» አለች። አሁን ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። የመስኮት ወንበር የሚወርደው ከገበያው በፊት ኖሯል። «እና እኔ ዘፈን ሳልሰማ ሥራ ልግባ?» አለ። አንዱ እንዲህ ይሁን፣ ሌላው እንዲያ ይሁን ሲሉ ውለው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ከመነሻው እስከ ሆስፒታሉ ዘፈን፣ ከሆስፒታሉ እስከ ገበያው ዝምታ፣ ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ እንዳሻቸው። የልጆቹ እናት ግጥሞቹን አስተካክላ ለመጻፍ ቃል ገባች። ኢንተርኔቷ ስምምነቱን እንዳለ ወስዳ ከሰዓት ሰሌዳው ጎን ለጠፈችው።

ዓርብ ጠዋት ገጹን ልትዘጋ ተዘጋጅታ ስትቀመጥ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው መጡ። ከረባታቸው ወደ ጎን ዞሯል፣ ጫማቸው ተረግጧል።

«በሰባት ቁጥር መጣሁ» አሉ፣ ወንበር ሳይጋበዙ ተቀምጠው። «አጠገቤ የነበረው ልጅ ስልኩ ላይ የእኛን ገጽ ያነባል። የእኔን መልእክት መስሎኝ አንገቴን ሰገግ አደረግሁ።»

«ነበር እንዴ?»

«የለም። የሰዉን ጨዋታ ነው የሚያነበው። እሱ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ።» ከረባታቸውን አቀኑ። «አይዘጋ። እንዲያውም የእኔን ፎቶ ከላይ አውርጂው፤ ሰው እሱን አልፎ ለመውረድ እየተንገላታ ነው።»

ያንኑ ዕለት ፎቷቸው ከገጹ ወረደ፤ በቦታው ተሳፋሪዎቹ የጻፉት ወጣ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ነርሷ በእረፍት ቀኗ አባትየውን በስልክ መጻፍ አስተማረችው። እሱም ቀመሰና ተወው የሚባል ሰው አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ካልመለሰ ዕረፍት የለውም፣ የሚጽፈውም በአንድ ጣት ነው። ሰሞኑን አንድ ተሳፋሪ፣ «ሰባት ቁጥር ከመነሻው ለምን አልተነቃነቀም?» ብሎ ጠየቀ። ውስጥ የነበረው የመስኮት ወንበር መለሰለት፤ «ሹፌሩ መልስ እየጻፉልህ ነው።»

ኢንተርኔቷ ደወለችለት። «አባዬ፣ ስልኩን አስቀምጥና ንዳ።»

«እሺ» አላት፤ «አንዷን ብቻ ልጨርስ።»