የቀኑ ስህተት

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለች ፋርማሲስቷ፣ የእናቷ የሕይወት ታሪክ የተጻፈበትን ወረቀት ከሻይ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀምጣ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አጎቷ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ሳሎኑን ገልመጥ አደረገ። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ ሰው አልተለየውም፤ ዛሬ ደግሞ የሟቿ የሕይወት ታሪክ ሊነበብ ስለሆነ ወንበር ያጡት በረንዳው ላይ ቆመዋል። «ምኑ ነው ውሸቱ?»

«እማዬ ሁለተኛ ዲግሪ የላትም። ጀምራ ተወችው። እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ! ጭንቅላት አጥታ ነው እንዴ የተወችው? የመሥሪያ ቤቴ አለቆች እዚያ ተቀምጠዋል። እህቴ የሰፈር ትምህርት ቤት ውስጥ ሂሳብ ስታስተምር ሞተች ብዬ ላንብብላቸው?» ወረቀቱን አንሥቶ ወጣ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። ዕድሜውን በጽሕፈት ቤት ጨርሶ ነው እንጂ፣ ማኅተም ያላረፈበት ነገር አይዋጥለትም።

«ተይው በቃ» አለቻት ሻይ የምትቀዳው ጎረቤት በሹክሹክታ። «ማን ይጠይቃል?»

ማን ይጠይቃል! ሟቿ ብትሰማ ከት ብላ በሳቀች ነበር። ያቺ ሴትዮ በየክፍለ ጊዜው ሆን ብላ ሰሌዳው ላይ አንድ ስህተት ታስቀምጣለች። «የቀኑ ስህተት» ይባላል። መጮህ የለም፣ ሳይጠየቁ መናገር የለም፤ ያገኘ እጁን ያወጣል። «እሺ፣ የቱ ጋ ነው?» ትላለች። ካሳያት «ጎበዝ!» ትለዋለች። ስህተቱን ያሳየ ሰው ጎበዝ ሳይባል እጁን አያወርድም፤ ክንድ ከዛለም በሌላው እጅ ደገፍ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ፋርማሲስቷም እዚያ ክፍል ነው የተማረችው። ስህተቱን ከሁሉም ቀድማ ታየዋለች፤ እጇን ግን አታወጣም። አንድ ቀን እናቷ ሽንኩርት እየላጠች ጠየቀቻት።

«ዛሬም አይተሽዋል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የገዛ እናቴን ተሳስተሻል ልበል? በሰው ፊት?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስሚኝ፣ የኔ ቆንጆ። ለማባዛትማ ካልኩሌተር አለ። እኔ እዚያ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምለፋው፣ ነገ ትልቅ ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሲሳሳት፣ ሳትሳደቡም ሳትፈሩም እጃችሁን እንድታወጡ ነው። ይሄ ካቃተሽ አልተማርሽም።»

ልጅቷ አኩርፋ ተኛች። አድጋ መድኃኒት ቤት ስትቆም፣ ሐኪም ያዘዘው መጠን ካላማራት ደውላ ትጠይቃለች። ዘመድን በሰው ፊት ለማረም ግን እስከ ዛሬ አንደበቷ እንደተሳሰረ ነው።

አጎቷ መነጽሩን አድርጎ ሳሎኑ መሀል ቆመ፤ እሷም ከጎረቤቷ ጋር የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ልደቷን አነበበ፣ ትዳሯን አነበበ። እስከዚህ ደህና ነው። «ሁለተኛ ዲግሪዋንም በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቃ...»

ከበረንዳው አንድ እጅ ወጣ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው። ከሶፋው ላይ ዳኛዋ አወጣች፤ ቀጥሎ ነርሷ። በር ላይ የቆመው አናጢ ብርጭቆውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን አወጣ። የተመካከረ የለም፤ የድሮ ተማሪዎቿ ናቸው፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ቤቱ በእጅ ተሞላ።

አለቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጎትየው ላቡን ጠረገ። «ምንድን ነው እሱ?»

እንድታድነው ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። ፋርማሲስቷ ትሪውን ለጎረቤቷ አቀበለችና እጇን አወጣች።

አጎትየው የወጣውን እጇን አየ። የእህቱን ጨዋታ እሱም ያውቀዋል፤ እራት ላይ ስንቴ ስቆባታል! «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «የቱ ጋ ነው?»

«ዲግሪው ጋ ነው፣ ጋሼ። አልጨረሰችውም። የመልቀቂያ ፈተና ሲደርስ ተማሪዎቿ አስተማሪ አጡ፤ ትታው ተመለሰች።»

«እኛ ነን ያጣነው» አለ ሹፌሩ። «እኛን ብላ ነው።»

አጎትየው እስክሪብቶ አውጥቶ መስመሩን ሰረዘ። እንባው ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ አልጠረገውም። ቀና ብሎ አለቆቹን እያየ «እህቴ» አለ ጮክ ብሎ፣ «የሂሳብ አስተማሪ ነበረች።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የፋርማሲስቷ ግን አልወረደም።

«አውርጂው እንጂ፣ ታረመ እኮ» አለቻት ጎረቤቷ ጆሮዋ ሥር።

«ጎበዝ አልተባልኩም» አለች። ክንዷ ሲዝልባት በሌላው እጇ ደገፈችው።