ካፖርት የለበሰው ቦቴ

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «ጉድጓድ አፍ ላይ መቀመጥ» ብዬ እመልሳለሁ። ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ሰው የቦቴ ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ ከላይ ክዳኑ አጠገብ ተቀምጦ እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን የማይነቅል አንድ ጠባቂ መኖር አለበት። ደንብ ነው። ያ ጠባቂ እኔ ነኝ። ሽንቴ ቢመጣ አልነሳም፣ ስልክ ቢጮህ አላነሳም፣ ባልሽ ሞተ ቢሉኝ እንኳ «ቆዩ፣ መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ» ነው የምለው። አጣቢውም፣ በያጁም፣ መርማሪውም በእኔ ዓይን ሥር ገብቶ በእኔ ዓይን ሥር ይወጣል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው አልጠፋብኝም። ከሌክ ቻርልስ ከተማ በስተምዕራብ ባለው በአለቃችን በዳች ጋራዥ ውስጥ «ሚስ ቨርሊ ካልተቀመጠች ማንም አይገባም» የሚባለው ለዚህ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መርማሪያችን ኤልሬ ብሩሳርድ ይባላል። ቦቴን በመዶሻ እጀታ ኳ አድርጎ ምኑ እንደሚያመው የሚነግርህ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ሆዱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የቦቴው አፍ ከከባድ መኪና መሪ ብዙም አይሰፋም፣ ኤልሬ ደግሞ ባለፈው ክረምት ክብደቱ ሦስት መቶ ፓውንድ አልፏል፣ በኪሎ መቶ ሠላሳ ስድስት መሆኑ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። የዜልማ ኤቤር ነው።

ዜልማ የራሷን ቦቴ የምትነዳ፣ ከውሻዋ ከፒስታሽ ጋር ብቻዋን የምትኖር የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። የምትጭነው ቀልጦ የሚፈስ ድኝ ነው። እሳት ካከልክበት ሰዶምና ገሞራ ማለት ነው፤ ሽታዋም እንደዚያው። ወደ ጋራዣችን በመጣች ቁጥር ለኤልሬ ቡዳን የሚባል ቋሊማ ታመጣለታለች፣ ሩዝና የአሳማ ሥጋ የታጨቀበት። ኤልሬ ቡዳኑን ሲበላ እሷን ያያል፣ እሷም ስታየው ሌላ ትጨምርለታለች። አራት ዓመት እንዲህ ተያዩ። ከአንዳቸውም አንድ ቃል አልወጣም፣ የወጣው ሆድ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ደንቡ ትንሽ ልናገር፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ራቁቱን ያለ ቦቴ በዓመት አንዴ ዙሪያውን ትዞረዋለህ፣ ታየዋለህ፣ «ውጩ ታይቷል» የሚለውን ስቲከር ለጥፈህ ትሸኘዋለህ። የዜልማ ቦቴ ግን ድኙ እንዳይረጋበት ካፖርት ለብሷል፤ ወፍራም የብርጭቆ ጥጥ ተጠቅልሎበት በላዩ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ተደርቦበታል። ቆዳው አይታይም። ስለዚህ ደንቡ፣ ውጩን ማየት ካልቻልክ ገብተህ ውስጡን እይ ይላል። የዚህኛው ስቲከር ሌላ ነው፣ «ውስጡ ታይቷል» ማለት ነው። ካፖርት የለበሰ ቦቴ የምታመጣልን ዜልማ ብቻ ናት።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዜልማ ባዶና የታጠበ ቦቴዋን እየነዳች ገባች። ያለ ቡዳን ነው የመጣችው። ከጋቢናው የዘለለችው ፊቷን አጥቁራ ነው።

«ኤልሬ! ና እስቲ ወዲህ!»

«ምነው፣ ምን ሆነሽ?»

«አውራ ጎዳናው ላይ፣ የጭነት ሚዛኑ ጋ ፖሊስ አስቆመኝ። ይሄን ስቲከር አየና ሳቀ፣ ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ አብረው ሳቁ። ‹እመቤቴ፣ ቆርቆሮ አልፎ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ካለሽ እኛ ጋ ይቀጠር› አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ሦስታችንም ወደ ቦቴው ግንባር ዞርን። በመጋቢት የተለጠፈው ስቲከር «ውጩ ታይቷል» ይላል። ካፖርት የለበሰ ቦቴ ላይ! ጋቢ ተከናንቦ የተኛን ሰው ከሩቅ አይቶ ቁስል የለበትም እንደማለት ነው።

ኤልሬ ጆሮው ቀላ። «እ… ስቲከሩ ተሳስቶ ነው። ተቀያይሮብኝ።»

«ውስጡን ግን አይተኸዋል አይደል?» አለችው ዜልማ።

«እንዴታ!»

እኔ ግን ትዝ አለኝ። በመጋቢት ዜልማ የመጣች ዕለት ጥርሴን ላስነቅል ቀርቼ ነበር። ሚስ ቨርሊ ካልተቀመጠች ደግሞ ማንም አይገባም። ኤልሬ አየኝ፣ አየሁት። ዓይኑ «እባክዎ» ይላል። እኔም የዚያን ጊዜ ማን መቼ እንደገባ የሚጻፍበትን ደብተር አገላብጬ ብጠይቅ ኖሮ አገኘው ነበር። አልጠየቅኩም፤ በዚህ አፍሬአለሁ፣ አሁንም አፍራለሁ።

«ፖሊሱ ዛሬውኑ ይስተካከል ብሎ ወረቀት ጽፎልኛል» አለች ዜልማ። «አስር ሰዓት ላይ ወደብ ደርሼ ካልጫንኩ ደግሞ የዓመቱ ጭነት ለሌላ ሰው ይሄዳል። እና ግባ፣ እይና ትክክለኛውን ለጥፍልኝ።»

«አሁን?»

«አይ፣ ለፋሲካ! አሁን ነዋ!»

ኤልሬ ቅዳሜ ማታ ለዳንስ ሊጠይቃት ሸሚዝ ገዝቶ ነበር። ለእኔ አሳይቶኛል፣ አበባ ያለበት ሸሚዝ ነው። አሁን እሷ ቆማ እያየችው በዚያች አፍ ማለፍ አለበት። ከሞት በላይ የፈራው ይህንኑ ነበር፣ በመጋቢትም ስቲከሩን ያስለጠፈው ይኸው ፍርሃት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ?

የአየር መለኪያውን አወረድኩ፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። ሰው በገመድ የሚወጣበትን ባለ ሦስት እግር መጎተቻ ከአፉ በላይ አቆምኩ። ኤልሬ ቁልፉንና ስልኩን አስቀምጦ ቀበቶውን ፈታ፣ የመጎተቻውን ማሰሪያ በቱታው ላይ ታጠቀ። ዜልማ ከአጠገቤ ቆመች። ፒስታሽ ከታች ይጮኻል። ኤልሬ እግሩን አስገባ፣ ጉልበቱን አስገባ፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ስቦ ወረደ።

ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። እያረፍኩ ነው።»

እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ ነው፣ የቀማኛ ሽጉጥ የተደቀነበት ይመስል።

«ኤልሬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ» አለችው ዜልማ።

«ሁለቱንም አስቤባቸዋለሁ።»

«ተቀርቅረሃል እንዴ?»

«ተቀርቅረሃል አይባልም። በልኬ ነው።»

ዜልማ አፏን በመዳፏ ከደነች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ኤልሬ ዓይኑን ጨፈነ። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው የቆየሁት።

«ሚስ ቨርሊ፣ ዳችን ይጥሩልኝ» አለ።

«አልነሳም።»

«ገና አልገባሁም እኮ!»

«ግማሽህ ገብቷል። ለግማሽህም ደንብ አለ።»

አየር የሚያፈስ ቀዳዳ የምንፈልግበት የሳሙና ውሃ በባልዲ አጠገባችን ነበር፤ ቀዳዳ ካለ አረፋ ያወጣል። ዜልማ ባልዲውን አነሳችና ዙሪያውን በወገቡ ላይ ደፋችበት።

«ኧረ ቀዝቃዛ ነው!»

«የፈላ ከፈለግህ ድኝ አለኝ።»

ኤልሬ አረፋ በአረፋ ሆነ። እኔ አንዱን ትከሻ ዜልማ ሌላውን ይዘን ወደ ታች ገፋነው። ቧ! የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ባዶ አፍ፣ ከዚያም ከታች «ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ።

ዜልማ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን ሥራዬ ላይ ነኝ። በየጥቂት ደቂቃው «ኤልሬ!» እላለሁ፣ «አለሁ» ይላል። መብራቱ ከወዲህ ወዲያ ሲሄድ ይታየኛል። የመዶሻው እጀታ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከታች በኩል፣ ድፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆመ። እንደገና፣ ድፍ።

«ኤልሬ!»

አንገቴን ወደ አፉ ሰግጌ ደግሜ ጠራሁ።

«ኤልሬ!»

«አለሁ።» ድምፁ ተቀይሯል።

ውፍረት መለኪያውን ሲያወጣ አየሁ። አንዴ ለካ፣ ጠረገና ደግሞ ለካ። ከዚያ መብራቱን ይዞ ቁጭ አለ። እዚያ ውስጥ ያየውን ከእሱ በቀር ማንም አላየም። ወጥቶ ስቲከሩን ቢለጥፍ ዜልማ አስር ሰዓት ላይ ትጭናለች፣ ቅዳሜ ትጨፍራለች። ቆዳው ዝም ይላል፣ ካፖርቱም ይሸፍነዋል። እዚያ አፍ ላይ ተቀምጬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ዜልማ» አለ ከታች።

«ወይ?»

«ይሄ ቦቴ አይጫንም።»

ሳቋ ተቋረጠ። «ምን አልክ?»

«ከኋላ፣ ከሥር ሳስቷል። ከካፖርቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው መሰለኝ፣ ቆዳው እንደ ብስኩት ሆኗል። ጣቴን ብገፋ የሚያልፍ ይመስለኛል።» ከዚያ ጨመረ። «በመጋቢትም ሳይጀምረው አልቀረም። አላየሁትም። አልገባሁም ነበር። አንቺ ቆመሽ ተቀርቅሬ እንዳታዪኝ ፈርቼ ዞሬ ብቻ ለጠፍኩት።»

ዜልማ በጣቷ ወሮቹን ቆጠረች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ስምንት ወር» አለች በመጨረሻ። «ስምንት ወር ያንን ይዤ ወደ ወደቡ በሚወስደው ድልድይ ላይ ተመላልሻለሁ። ፒስታሽን ይዤ! ለሆድህ ስትል ልትቀቅለኝ ነበር?»

«አዎ» አለ ኤልሬ። ሌላ ምን ይላል?

«ና ውጣ፣ ልግደልህ!»

«መውጣት አልችልም፣ ሳሙናው ደርቋል።»

ዜልማ ወደ እኔ ዞረች። «ሚስ ቨርሊ፣ ክዳኑን ልግጠመው?»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ ክዳን አይገጠምም።»

«እንግዲያው ሄደው ቡና ይጠጡ!»

«ሰው ውስጥ እያለ መነሳት አልችልም። ደንብ ነው።»

«ኧረ ደንብዎን…!» አለችና ዋጠችው። ኤልሬ በዚያ ቀን ነፍሱ የተረፈችው በእኔ መቀመጫ ነው ብዬ እምላለሁ።

ሌላ ባልዲ ሳሙና አስመጣን። የመጎተቻውን እጀታ ያዞረችው ራሷ ዜልማ ናት፣ በየዙሩ አንድ ስድብ እየጨመረች። ኤልሬ በአረፋ ተሸፍኖ ሲወጣ ቀጥ ብላ ቆመችበት። ወርዳ ያንን የውሸት ስቲከር ከቦቴው ላይ በጥፍሯ ፋቀችና፣ ተመልሳ በእርጥብ ግንባሩ ላይ ጧ አድርጋ ለጠፈችበት።

«ይኸው» አለች። «አንተን ነው ላይ ላዩን ያየሁህ።»

ውሻዋን አቅፋ በታክሲ ሄደች።

በማግስቱ ካፖርቱ ተገፈፈ። ጥጡ እንደ ተነከረ ስፖንጅ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ዝገት በልቶታል። ዳች የመዳፉን ያህል ቁራጭ አስቆርጦ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ተሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ አምላክ አለ፤ እኛ ጋ ግን ሥራውን ለመርማሪ ሰጥቶታል፣ መርማሪው ካልገባ ምን ያድርግ? ዳች ኤልሬን አላባረረውም፣ ለአንድ ወር ከምርመራ አውርዶ ቦቴ አሳጠበው እንጂ። የዓመቱ ጭነት ለሌላ ሰው ሄደ። አበባ ያለበት ሸሚዝ ከነወረቀቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀረ።

ቦቴው ተበይዶ፣ አዲስ ካፖርት ለብሶ ሲያልቅ ጥር ሆነ። ዜልማ ልትወስደው መጣች፣ በእጇ የወረቀት ከረጢት ይዛለች። ኤልሬ ከረጢቱን ሲያይ ዓይኑ በራ። ይቅር አለችኝ ብሎ ነው፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከረጢቱን ገለበጠችው። ካሮት ነው። ጥሬ ካሮት፣ ከነቅጠሉ።

«ቡዳን ያመጣሁልህ ስለወደድኩህ ነበር» አለችው፣ እንዲሁ በግልጽ፣ ዳችም እኔም እየሰማን። «ይሄን ያመጣሁልህ ደግሞ እንድትገባ ነው። አሁን ብላና ግባ። እኔ እዚህ ቆሜ አይሃለሁ፤ ብትቀረቀር እስቃለሁ፣ ግን አልሄድም።»

ኤልሬ አንድ ካሮት አንስቶ ገመጠ። ገመድ የሚያኝክ ይመስል ነበር፣ ግን ጨረሰው። ቀበቶውን ፈታ። እኔም ቦታዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

በዚያ ቀን ግማሽ ባልዲ ሳሙና ብቻ በቃው።