ቀለሙ እስኪደርቅ

እግሬ ላይ የወጣውን የውሃ ቋጠሮ በመርፌ እያፈረጥኩ ሳለ የእህቴ ስልክ ጠራ። የእኔው ስልክ ወንዝ ስንሻገር ከኪሴ ሾልኮ ወድቆ ከሞተ ሰንብቷል። እሷ ያረፍንበት ሆቴል ኮሪደር ጫፍ ያለው የጋራ ሻወር ውስጥ ናት፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሻወር ከገባች ውሃው ካላለቀ አትወጣም። ጡረታ የወጣች ጸጉር ሠሪ ናት። ዕድሜ ልኳን የሰው ጸጉር ስታጥብ ኖራ አሁን የራሷን አጥባ ልትጠግብ አልቻለችም። የደወለው ማን እንደሆነ አየሁ፤ ሴቷ ልጄ ናት፣ በቪዲዮ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት።

የልጄ ፊት አልመጣም። ካሜራውን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች፣ ወደ ቢጫ ግድግዳ።

"አክስቴ፣ እዪልኝማ!" አለች። "ቀለሙ ደርቋል። በቃ፣ አሁን ልታመጪያት ትችያለሽ።"

ልታመጪያት! እኔን ነው እንግዲህ፣ እንደ ተላከ ኩንታል።

ክፍሉን ያወቅኩት በመስኮቱ ነው። የሥራ ክፍሌ ነው፣ ልብስ እየቆረጥኩ ሁለት ልጅ ያሳደግኩበት። ልጄ ስልኩን ወደ ጥግ ወሰደችው። "ይሄውልሽ ተደራራቢ አልጋው። የላይኛው የልጆቹ፣ የታችኛው የእማዬ። ሌሊት ሲነቁ አጠገባቸው ትሆናለች።" ልጆቹ የምትላቸው የወንድሟን ልጆች ነው፤ ወንዱ ልጄ ከነሚስቱና ከነልጆቹ እኔው ቤት ነው የሚኖረው። አልጋውን አየሁት። ጎኑ ላይ ጥቁር የካውያ ጠባሳ አለ። ያንን ጠባሳ የትም ባየው አውቀዋለሁ፤ ይህችው ልጄ ከደረጃ ወድቃ ስትጮህ ካውያውን ጥዬ የሮጥኩ ዕለት ነው ጠረጴዛዬ የተቃጠለው።

"ጠረጴዛዬን ቆረጣችሁት?" አልኩ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የልጄ ፊት መጣ፣ አፏን እንደከፈተች። "እማዬ?" አለች። ዘጋሁባት።

እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ነበርኩ አልልም፣ ነኝ። የልብስ ፋብሪካው ሲዘጋ "የምትችሉትን ይዛችሁ ሂዱ" አሉን። ሌላው ጣቃ ጨርቅ ያዘ፣ ሌላው መቀስ ያዘ፤ እኔ ዕድሜዬን የቆምኩበትን የመቁረጫ ጠረጴዛ ያዝኩ። ባልደረቦቼ "ይቺ ሴት ለየላት" ብለው እየሳቁ ተሸክመው ቤቴ አደረሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም እዚያ ላይ ነው የተቆረጠው። ዘንድሮም ትምህርት ቤት ሳይከፈት እመለሳለሁ ብዬ ለደንበኞቼ ቃል ሰጥቻለሁ። ያለ ጠረጴዛ መቁረጥ ማለት ወለል ላይ መንበርከክ ነው፤ እኔ ደግሞ ለጨርቅ አልንበረከክም። ጠረጴዛ ከሌለኝ ሥራ የለኝም፣ ሥራ ከሌለኝ የልጆች ሞግዚት ነኝ፣ በገዛ ቤቴ።

ደሜን ያፈላው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ይሄን ጉዞ ያመጡት ልጆቼ ናቸው። ቦርሳውን ገዙልኝ፣ ጫማውን ገዙልኝ፣ "እማዬ፣ እስቲ አንዴ እንኳን ለራስሽ ኑሪ" አሉኝ። አለቀስኩ እኮ! አቅፌ መረቅኳቸው! አሁን ምርቃቴን መልሱልኝ ይባላል ወይ? ከዚያ በኋላ ሁለት አሮጊቶች ከቁመታችን የሚበልጥ ቦርሳ አዝለን ወራት ሙሉ በእግር፣ በአውቶቡስ፣ አንዳንዴም በጭነት መኪና ስንጓዝ ከረምን። ማታ ማታ እርጥብ ካልሲያችንን መስኮት ላይ ሰቅለን ከጎረምሶች ጋር ተደራራቢ አልጋ ላይ ስንተኛ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንመለስ ባልኩ ቁጥር እህቴ "እትዬ፣ አንድ ከተማ ብቻ እንጨምር" ትለኛለች። እኔ ሞኟ ፍቅሯ መስሎኝ!

ፎጣ ጸጉሯ ላይ ጠምጥማ እያፏጨች ገባች።

"ቀለሙ ደርቋል ተብለሻል" አልኳት።

ፉጨቷ ቀጥ አለ። ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "እትዬ..."

"እትዬ አትበይኝ!"

"ልጆቹ ናቸው የለመኑኝ። በአንድ ወር ያልቃል ብለውኝ ነበር፣ አናጢው ዘገየባቸው..."

"አሃ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አሁን ጥፋቱ የአናጢው ሆነ። አናጢው ሲዘገይ እኔን በየተራራው ታዞሪኛለሽ!"

"ይጠቅማታል አሉኝ። አርፋ ትቀመጥ፣ በቃት አሉኝ። እኔም አመንኩ።"

"ሐይቁ ዳርስ?" አልኳት።

ሐይቁ ዳር እግራችንን ውሃ ውስጥ ከትተን ተቀምጠን፣ "ካንቺ ጋር እንዲህ ሳልሄድ ብሞት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር" ብላ ትከሻዬን ስማኛለች። ከዚያ ቀጥላ ነው "አንድ ከተማ እንጨምር" ያለችኝ።

"እሱ እውነቴን ነው" አለች፤ እንባዋ መጣ። "እግዜር ያየኛል፣ እሱ እውነቴን ነው።"

"በምን ልወቅልሽ?" አልኳት። "ጠረጴዛዬን ወስደውብኛል፣ እሺ፣ እንጨት ነው። አንቺ ግን ጉዞዬን ወሰድሽብኝ። ከእንግዲህ አንዱንም ቀን ሳስታውስ፣ ያን ቀን ስንተኛውን ግድግዳ እየቀቡ ነበር እላለሁ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ፤ መተኛት ከተባለ።

ጠዋት ሳንነጋገር ዕቃችንን ሸከፍን። ጉዞውን ከጀመርን ወዲህ ልማዳችን አንዷ የሌላዋን ቦርሳ ከኋላ ማንሳት ነው፤ ብቻውን የሚያዝል ሰው ወገቡ ይቀጫል። ያን ቀን ቦርሳዬን አልጋ ላይ አስቀምጬ፣ ተጎንብሼ፣ ራሴው አዘልኩት። እሷ ግን አልሆነላትም። አንድ እጇን ታስገባለች፣ ቦርሳው ይገለበጣል፤ ደግማ ታስገባለች፣ እሷው ትገለበጣለች። ዘወር ብዬ አነሳሁላት። ይቅር ብያት አይደለም፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ "ስልኩን አምጪ" አልኳትና ወንዱ ልጄ ጋ ደወልኩ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

"እማዬ፣ እባክሽ አትቆጪ። ሰርፕራይዝ ልናደርግሽ ነበር እኮ።"

"ተደረግኩ።"

"ደክመሻል ብለን ነው። እስከ መቼ ቆመሽ ትቆርጫለሽ? በዚህ ዕድሜሽ..."

"ደክማለች ብላችሁ ተራራ ላይ ሰደዳችሁኝ?" ጮኼ ኖሯል፣ ቲኬት ቆራጩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። "የደከመ ሰው ቦርሳ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል? ንገረኝ እንጂ! ወይስ ተራራው አድክሞ እንዲመልስልህ ነው?"

"ኧረ እማዬ! ጠረጴዛው እኮ አልተጣለም። አልጋ ነው የሆነው፣ ያው እንጨቱ አለ።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም! እኔን ሳትጠይቁ የኔን ኑሮ ታቦካላችሁ? 'እማዬ፣ ክፍል ጠበበን' ብትለኝ ምን እልህ ነበር? መቼ ነው ለናንተ አልሆንም ያልኩት?"

ከወዲያ በኩል ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ትልቅ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ ሲያጠፋ ግን ያው እንደ ልጅነቱ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው። ሆዴ ሊባባ ነበር፣ አልፈቀድኩለትም።

"ለልጆቹ ሌሊት እነሳለሁ" አልኩት። "አያታቸው ነኝ፣ ማንም አያዘኝም። ቀን ግን ቆራጭ ነኝ። አናጢው አለ?"

"መደርደሪያ እየሰቀለ ነው።"

"ስጠው።"

መዶሻው ቆመ። "እማማ፣ እንደምን አደሩ?" አለ አናጢው፤ ድምፁ ፈራ ተባ ይላል።

"ጠረጴዛዬን የቆረጥከው አንተ ነህ?"

"ታዝዤ ነው እማማ። ጥሩ እንጨት ነበር፣ እኔንም ቆጭቶኛል።"

"አሁን ደግሞ እኔ ልዘዝህ። ሌላ ትሠራልኛለህ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ከፍታው እስከ ወገቤ፣ ላዩ እንደ መስታወት የለሰለሰ፤ ክር የሚይዝ ስንጥር እንዳላይበት።"

"እሺ እማማ። ግን የት ሊገባ? ክፍሉ እኮ ተይዟል።"

"ሳሎን።"

"ሳሎን?" የሚለው የልጄ ድምፅ ከኋላ ተሰማኝ። "ሶፋውስ? ቴሌቪዥኑስ?"

"ለሱ ቢጫ ግድግዳ አላችሁ በለው" አልኩ።

እህቴ አጠገቤ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላየኋትም። አናጢው ሜትሩን ሲዘረጋው ተሰማኝ፤ እየተራመደ ለካ፣ ደገመና ለካ። ከዚያ ስልኩን መልሶ ያዘ።

"እማማ፣ ሦስት ሜትር ከሆነ የልጅዎን መኝታ ቤት በር ይይዘዋል። ወደ ሳሎን አይደል የሚከፈተው? ገርበብ ነው የሚለው። እሳቸውም ባለቤታቸውም በጎን እየሆኑ ነው የሚወጡት።"

"በጎን ይውጡ" አልኩት።