ሁለት ቺፕ በአንድ እጅ

ሮሪ የድንጋይ አጥሩን ተደግፎ ለአራተኛ ጊዜ ሲያስመልስ፣ ካትሪዮና ባሏን ሳይሆን ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። በኋላ ከሁሉም ይልቅ የቆጫት ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ያየችው ሰዓቱን መሆኑ።

ሆዱ ውስጥ የሚወጣ ነገር ካለቀ ቆይቷል። ከትናንት ጀምሮ የቀመሰው ሁለት የዝንጅብል ብስኩትና አንድ ኩባያ ሻይ ብቻ ነው፤ እሱንም ባሕሩ ተረክቦታል። ሮሪ ተራራ ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ጀልባ ላይ ግን ሞቶ ያልተቀበረ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር ሲወዳደር አንድም ቀን ሳያስመልስ ወደብ ገብቶ አያውቅም። የሚስቱ አባት ኒኮልማ ስሙን ትተውት "ባልዲው" ነው የሚሉት።

"ተነስ እንጂ ሮሪ! ጫፉ እኮ እዚህ ነው።"

"አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ ካቲ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ይለቀኛል።"

"ግሬጎርና ኢንስ ከኋላችን ናቸው!"

"ግማሽ ሰዓት ቀድመናቸው የለም?"

"ነበር። አሁን ስንት እንደቀረን በምን አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው፤ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ አሥር እርምጃ ወዲያ ያለ ነገር አይታይም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጎን ይገርፋቸዋል። ግንቦት ነው፤ አራን ደሴት ላይ ግን ግንቦት የሚባል ነገር አንዳንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ውድድሩ የተጀመረው ዓርብ ቀትር ላይ ነበር። በአንድ ጀልባ አምስት ሰው፦ ሦስቱ ባሕረተኞች፣ ሁለቱ ሯጮች። ከደሴት ደሴት በሸራ ይሄዱና ሯጮቹ ወርደው ተራራውን ወጥተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሸራ። መል ደሴት ላይ ወጡ፣ ጁራ ላይ ወጡ፣ አሁን የቀረው አራን ብቻ ነው። ሞተር እንዳይነሳ በማኅተም ስለሚታሸግ ንፋስ እምቢ ሲል ያለው አማራጭ መቅዘፊያ ነው። ሯጭ ግን መቅዘፊያ አይነካም። ሯጭ ይተኛል፣ እግሩን ያሳርፋል፤ ባሕረተኛው እጁን ይከፍላል። ይህን የጻፈው የለም፤ የሚጥሰውም የለም።

ትናንት ከቀትር በኋላ ኪንታየር የምትባለው የመሬት አፍንጫ አጠገብ ንፋሱ ሞተ። ኒኮልና መንትዮቹ ልጆቻቸው ዱጋልና ኮሊን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቀዘፉ። ኒኮል ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በዚህ ውድድር አሥራ አራት ጊዜ ተሰልፈው አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጡም፤ የልብ ሐኪማቸው ደግሞ ከዚህ በጋ በኋላ ባሕር የሚባል ነገር እንዳያስቡ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ጎሕ ሲቀድ ንፋሱ ዝናብ ይዞ ተመለሰና "ማርሳሊ" የተባለችው ጀልባቸው ከሁሉም ቀድማ አራን ደረሰች። ካትሪዮና ከመኝታዋ ስትወጣ አባቷ መዳፋቸውን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለው፣ መሪውን በክርናቸው ይዘው አገኘቻቸው። ካልሲው ደም ጠጥቶ ነበር።

"አባባ፣ እጅህ!"

"እጄን ተዪው። በእሱ አትሮጪበትም።" ከዚያ ወደ ሮሪ ዞሩ። "ባልዲው፣ ሆድህ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እዚሁ ተወው፤ ተራራ ላይ ይከብድሃል።"

"ምንም አልቀረኝም፣ ካፒቴን። ሁሉንም ለእርስዎ ዓሣዎች ሰጥቼ ጨርሻለሁ።"

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉና በየደሴቱ የሚሏትን አሉ፦ "አራት እግር ነው የምሰጣችሁ። አራት እግር መልሱልኝ።"

ሕጉም ይኸው ነው። ሁለቱ ሯጮች አብረው ጫፍ ካልደረሱ ቡድኑ ጭራሽ እንዳልሄደ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሯጭ የእጅ አንጓው ላይ ማንነቱን የሚለይ ቺፕ ያስራል፤ ጫፉ ላይ ከቆመው የድንጋይ ዓምድ ጋር በታሰረ ሳጥን ላይ ሲያስጠጋው ጢጥ ይልና ይመዘግባል። እንደወትሮው ቢሆን እዚያ ድንኳን ተክለው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ብርዱ ስለከፋ ሳጥኑን ትተው መውረዳቸውን ሯጮቹ ወደብ ላይ ሰምተዋል።

ካትሪዮና ይህን ስታስብ ቆየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ቺፕህን ስጠኝ።"

"ምን?"

"ስጠኝ። እኔ ደርሼ እመለሳለሁ፤ አንተ እዚሁ አጥሩ ሥር ተከለል። ማንም የለም እዚያ።"

"ካቲ፣ ተዪ። ይኼ ነገር አያምርም።"

"የአባባን እጅ አይተሃል? አይተሃል ወይ? እኔ ልንገረው? ባልዲው አሥር ደቂቃ ስላስፈለገው ተቀደምን ልበለው?"

ሮሪ እጁን አልዘረጋም፣ አልሰበሰበምም፤ እሷ ናት ከአንጓው ላይ የፈታችው። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነበር። ቀዝቅዘው እንደነበር አውቃለች፤ አላየሁም፣ አልነካሁም ብላ በኋላ አልካደችም።

ሮጠች። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደመጣላት እግዜር ይወቅ፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው እንደዚያ አይሮጥም። አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ዓምዱ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። የራሷን ቺፕ አስጠጋች፤ ጢጥ። የሮሪን አስጠጋች፤ ጢጥ። ዙሪያዋን ገላመጠች፤ የሚያያት ድንጋይ ብቻ ነበር። ስትመለስ ጠመዝማዛው መንገድ አስጠላትና ደቂቃ ለማትረፍ በቋጥኞቹ መሀል ቁልቁል ተንሸራተተች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ለመልቀም እንኳ ገና አልደረሰችም።

አጥሩ ሥር የሮሪ ቦርሳ አለ። ሮሪ የለም።

"ሮሪ!"

ንፋሱ ድምፅዋን ከአፏ ነጥቆ ወሰደው። መጀመሪያ ተናደደች፤ ሽንቱን ሊሸና ራቅ ብሎ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ቦርሳውን ከፈተች። የዝናብ ጃኬቱ አለ። ብርቱካናማው፣ ሰው የሚገባበት የብርድ ከረጢት፣ ሯጭ ሁሉ ለክፉ ቀን እንዲይዝ የሚገደድበት፣ ሳይፈታ ተጠቅልሎ አለ። ከላዩ ላይ ስስ ሹራብ ብቻ ለብሶ የታመመ ሰው በዚህ ዝናብ ውስጥ ሄዷል ማለት ነው።

ወርዶ ይሆናል አለች። የታመመ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች። ሌላ ነገር አልታያትም። አሥራ አንድ ዓመት "ባልዲው፣ ባልዲው" ሲባል የሰማች ጆሮ ሌላ ነገር ከየት ያመጣል? ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ስልኳን አወጣች። እዚያ ቦታ ኔትወርክ አለ። የውድድሩን አስቸኳይ ቁጥር አንድ ጊዜ በጣቷ ብትነካው ይደወል ነበር። ግን ምን ልትል ነው? ባሌ ጠፋ ስትል፣ መዝገቡ ላይ ሁለታችሁም አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ጫፍ ነበራችሁ ይሏታል። መጀመሪያ የት እንደተለያችሁ ንገሪን ይሏታል። ካልሲው ትዝ አላት። ደሙ። አንድ ጊዜ ልፈልገውና እደውላለሁ አለች፤ ስልኩን መልሳ ከተተችው።

በዚህ መሀል ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። የ"ኬልዳ" ጀልባ ሯጮች ነበሩ፦ ግሬጎር ከፊት፣ ጢሙ በረዶ የያዘው ኢንስ ከኋላ።

"ኧረ ካትሪዮና ናት!" አለ ግሬጎር እያለከለከ። "ጨርሳችሁ እየወረዳችሁ ነው? ሽማግሌው ዘንድሮ አሳበዱን እኮ። ከመቅዘፊያው ጋር ተጋብተዋል እንዴ?"

"ባልዲውስ?" አለ ኢንስ።

ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ብርቱ፣ ልብስ የለበሱ፣ ከረጢት የያዙ። ጠፍቶብኛል፣ እርዱኝ ማለት ነበረባት። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ወርዷል። ቀድሞኝ ወርዷል። ብርድ እንዳይዘው ብዬ ላክሁት።"

"ቦርሳውን ላንቺ ጥሎ?" ኢንስ ሳቀ። "ወንድ ማለት እሱ ነው!"

እየተሳሳቁ ወደ ላይ ጉም ውስጥ ገቡ። ካትሪዮና ቁልቁል ሮጠች። ወንዙ ድረስ ወረደች፣ በወንዙ ዳር እየተጣራች ሄደች፣ ውሃው አለት ሥር የሚከማችበት ሁሉ እየገባች እጇን ከተተች፤ ምን እንደምትፈልግ ለራሷ እንኳ ሳትነግረው። አንድ ቦታ ጥቁር ነገር አይታ ጮኸች፤ የሞተ በግ ነበር። አምላኬ፣ ውድድሩም ይቅር፣ የአባቴም ሕልም ይቅር፣ እሱን ብቻ አለች። እንዲህ ያለው ስጦታ ግን ሰው የሚሰጠው እጁ ባዶ ሲሆን ነው። ተመልሳ ወደ አጥሩ ወጣች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ስሙን መጥራት አቅቷት ነበር።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኢንስ ብቻውን ከላይ እየተንከባለለ ሊባል በሚችል ፍጥነት ወረደ።

"አንቺ!" አለ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። "ወርዷል አላልሽም? ጫፍ ላይ ነው ያለው! ዓምዱን አቅፎ ተቀምጦ አገኘነው። መንቀጥቀጡን እንኳ ትቷል፣ ገባሽ? ግሬጎር ከረጢቱ ውስጥ አስገብቶት አብሮት ተኝቷል። ስልካችን ውሃ ገብቶበታል፤ ደውዪ!"

ደወለች። የሴት ድምፅ ነበር፣ የረጋ።

"ጫፍ ላይ? አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ አብራችሁ ተመዝግባችኋል እኮ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ነው?"

"አይደለም።" ካትሪዮና ዓይኗን ጨፈነች። "እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ቺፑን እኔ ነበርሁ የያዝሁት። እሱ ከኋላዬ ነው የወጣው፣ ያለ ጃኬት። እባካችሁ ፍጠኑ።"

ኢንስ ሰማ። የሮሪን ቦርሳ አነሳና ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ ሮጠ። የራሱ ጀልባ፣ የራሱ ካፒቴን፣ የራሱ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን ነበረው።

ካትሪዮና ተከትላው ጫፍ ላይ ሲደርሱ የግሬጎር ብርቱካናማ ከረጢት ከዓምዱ ሥር እንደ ጆንያ ወድቋል። ከአንዱ ጫፍ የግሬጎር ራስ፣ አጠገቡ የሮሪ ፊት ይታያል። ፊቱ ነጭ አይደለም፤ ነጭ ቢሆን በወደደች። ግራጫ ነው። ተንበርክካ ጉንጩን በሁለት መዳፏ ያዘች።

"ሮሪ። እኔ ነኝ። ካቲ ነኝ።"

ከንፈሩ ለመከፈት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። "ነካሁት" አለ። ምላሱ እንደ ሰካራም ተሳስሯል። "አሥር ደቂቃ አርፌ... ለቀቀኝ። መጣሁ። ሳጥኑ ግን... አላወቀኝም። የት ሄድሽ?"

"ስንት ሰዓት ደረስህ?" አለው ግሬጎር ከጎኑ፣ እንዳይተኛ ብሎ። "እ? ንገረን እንጂ፣ ስንት ሰዓት?"

"አንድ ከአርባ" አለ ሮሪ። "አየሁ። ለካፒቴኑ... ልነግራቸው።"

አንድ ሰዓት ከአርባ። ያኔ ግሬጎርና ኢንስ ገና አጥሩ ጋ ከእሷ ጋር ቆመው እየቀለዱ ነበር። ያቺን አሥር ደቂቃ ሰጥታው ቢሆን፣ እጁን ይዛ አብራው ብትወጣ፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቺፕ፣ ማንንም ሳይዋሹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይቀድሙ ነበር። ካትሪዮና ይህን ስሌት አንዴ ሠራችው፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ ራሱ እየመጣ ነው ዕድሜ ልኳን የሚሠራት።

የነፍስ አድን ሰዎች በቃሬዛ ሲያወርዱት ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ይተርፋል አሉ፤ የሁለት እግሩ ጣቶች ግን አያስተማምኑም አሉ። በሄሊኮፕተር ወሰዱት። ለእሷ ቦታ አልነበረም።

አባቷ ወደቡ ላይ እንደቆሙ ነው ያገኘቻቸው። ወሬው ቀድሟት ወርዷል፤ ዱጋልና ኮሊን ጀልባዋ ላይ ሆነው ገመድ ሲጠቀልሉ ቀና ብለው አላዩዋትም።

"ልጁስ?" አሉ ኒኮል። ከዚህ ቀደም "ልጁ" ብለውት አያውቁም።

"ይተርፋል ብለዋል። አባባ፣ እኔ ነኝ። እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ከእጁ ላይ ፈትቼ የወሰድሁት። ላንተ ብዬ..."

"ለእኔ አትበዪ።" ድምፃቸው አልጮኸም። "እኔ አራት እግር ነው መልሱልኝ ያልሁት።"

የውድድሩ ሰው በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዞ መጣ። በዚህ ውድድር ከዳኛ ይልቅ የሚታመነው የካፒቴን ፊርማ ነው፤ የሚጨርስም የሚያቋርጥም በስሙ ይፈርማል። ኒኮል እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ጣቶቻቸው ግን አልታጠፉም። ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው። ሦስተኛ ጊዜ አጎንብሰው ማንሳት ሲጀምሩ ካትሪዮና ቀደመቻቸው።

"አንቺ ጻፊ" አሉ። "ማርሳሊ አቋርጣለች በዪ።"

ጻፈች። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል።

"ምክንያት የሚል አለ።"

"አለ።"

"ያደረግሽውን ጻፊ። እንዳለ።"

ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቱን ልትመልስ ስትል አባቷ በዚያ በካልሲ በተጠቀለለ መዳፍ ክንዷን ያዟት።

"ሮሪ ጫፉ ላይ ወጥቷል?"

"ወጥቷል፣ አባባ።"

"ስንት ሰዓት?"

"አንድ ሰዓት ከአርባ።"

"እሱንም ጻፊ" አሉ።